የቆየ ቮልስዋገን ኮምቢን ወደ ማደሪያ መለወጥ፦ ሚዛን ከመጋዝ ይቀድማል

ጥያቄ፦ «በ1974 እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ 1600 ሲሲ ቮልስዋገን ኮምቢ ገዝቻለሁ፤ የጭነት ክፍሉ ባዶ ነው። ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለአምስት ዓመት ልጃችን የሚሆን አልጋ፣ አነስተኛ ኩሽናና የዕቃ ማስቀመጫ ልሠራበት አስቤ ሙሉውን በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረትና ከሙጫ ተጨምቆ በተሠራ ጣውላ) ነድፌዋለሁ። ከኋላ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው መድረክ ላይ 80 ሊትር የውኃ ታንከርና ሁለት ባለ 100 አምፒር-ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) የመኪና ባትሪዎች ይቀመጣሉ። የተፈቀደው ጭነት ወደ 900 ኪሎ ስለሚጠጋ ክብደት የሚያሳስብ አልመሰለኝም ነበር፤ መካኒኬ ግን ‹ይህ መኪና ይህን አይሸከምም› አለኝ። ሁሉንም ጣውላ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ባወርደው ይበቃል? ደግሞስ ቋሚ አልጋ ይሻላል ወይስ ተጣጣፊ?»

ምላሽ፦

መካኒክዎ የሰጡት ምክር ትክክል ነው፤ አነጋገራቸው ግን ትንሽ መታረም አለበት። መኪናው 900 ኪሎ መሸከም ይችላል፤ መጀመሪያም የተሠራው ዕቃ ለማመላለስ ነው። የማይችለው ያንን ሁሉ ተሸክሞ ዳገቱን እንደ ባዶ መኪና መውጣትና ቁልቁለቱን እንደ ባዶ መኪና መቆም ነው። የጭነት ቫን ያደረሰውን ዕቃ አራግፎ ቀሎት ይመለሳል፤ የማደሪያ ቫን ግን ቁምሳጥኑንና አልጋውን ለአጭር ጉዳይ በወጣ ቁጥር እንኳ ይዞ ይዞራል። የ1600 ሲሲው ሞተር ጉልበት 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ረጅም ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚያጓራባት እያንዳንዷ ደቂቃ በሲሊንደር ራሶቹ ሙቀት ላይ ትደመራለች። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለመቆም ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል።

ሌላው መታረም ያለበት ነገር 900 ኪሎው ለቤት ዕቃ ብቻ የተተወ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰዎቹ፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ ውኃው፣ መለዋወጫ ጎማውና የመሣሪያ ሳጥኑ ይወጣሉ። አሽከርካሪውና ሙሉ የነዳጅ ታንከር በባዶ ክብደቱ ውስጥ ይቆጠሩ አይቆጠሩ እንደ ሰነዱ ይለያያል፤ ይህንን ከተሽከርካሪው ሰሌዳና መጽሐፍ ላይ ያረጋግጡ። እኔ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የምይዘው ወሰን ከተፈቀደው ጭነት የሚነሣ አይደለም። ወለሉ፣ ሽፋኑ፣ አልጋው፣ ኩሽናውና ኤሌክትሪኩ በአንድነት፣ ውኃና የግል ዕቃ ሳይጨመር፣ ከ150 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም እላለሁ። ቁጥሩ ከልምድ የመጣ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሆኖም አስቀድሞ የተቆረጠ ወሰን የሌለው ንድፍ ሁልጊዜ ያብጣል።

የእርስዎን ንድፍ በዚህ ወሰን እንመዝነው። ኤምዲኤፍ በኪዩቢክ ሜትር ወደ 730 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ጣውላ 39 ኪሎ ያህል ይሆናል። አራት ጣውላ ብቻ ቢፈጅብዎ 156 ኪሎ ነው፤ ወሰኑ ፍራሽና ምድጃ ከመግባታቸው በፊት አልቋል። በዚህ ላይ 80 ኪሎ ውኃና 55 ኪሎ የሚጠጉ ሁለት የእርሳስ ባትሪዎች ሲጨመሩ ገና አንድ ማንኪያ ሳይገባ 290 ኪሎ አልፈዋል። ኤምዲኤፍ ክብደቱ ብቻም አይደለም ነውሩ፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ በጠርዙ የገባ ብሎን በንዝረት ይላቀቃል፣ ቫን ደግሞ እርጥበትና ንዝረት የማያጣው ቦታ ነው። ከእንጨት ስባሪ የሚጨመቀው ቺፕውድም ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ይሁን እንጂ «ሁሉንም ወደ 6 ሚሊ ሜትር ላውርደው» የሚለው መፍትሔ ከመጀመሪያው ስሕተት ወደ ተቃራኒው መዝለል ነው። የአንድ ጣውላ ያለመጉበጥ አቅም ከውፍረቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ይቀንሳል። ውፍረቱን በሦስት ሲያካፍሉ ጥንካሬው በሃያ ሰባት ይካፈላል። በ6 ሚሊ ሜትር ጣውላ የተሠራ የአልጋ መቀመጫ ሰው ሲቀመጥበት ይሰረጉዳል፤ በተመሳሳይ ውፍረት የተሠራ ቁምሳጥንም መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ከበሮ ያንቋቋል። ቀላልነት የሚገኘው ጥንካሬው ከቅርጹ እንዲመጣ በማድረግ ነው፤ ቀጭን ጣውላ በማዕዘኖቹ ላይ በትንንሽ ሞራሌ ታስሮ ሳጥን ሲሆን፣ የተጣበቀው የኋላ ልባጥ ሳጥኑ እንዳይወላገድ ይይዘዋል። ልባጡ በምስማር ብቻ ተመትቶ ከቀረ ይህ ጥቅም የለም፤ ዙሪያውን በኮላ መጣበቅ አለበት።

ስለዚህ የሚመርጡት ቁሳቁስ ከቀላል እንጨት የተሠራ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ፣ ይሁን። የፖፕላር ወይም የኦኩሜ ኮምፔንሳቶ በኪዩቢክ ሜትር ከ400 እስከ 450 ኪሎ ይመዝናል፤ የበርች ኮምፔንሳቶ ግን ጠንካራ ቢሆንም ወደ 680 ስለሚደርስ የክብደት ትርፉ ትንሽ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር የፖፕላር ጣውላ በሙሉ መጠኑ 15 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ከኤምዲኤፉ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሸክም የሚያርፍባቸውን ቋሚዎችና የአልጋውን ክዳን በ12፣ መደርደሪያዎችንና አግዳሚዎችን በ9፣ የኋላ ልባጡን ብቻ በ4 ወይም በ6 ሚሊ ሜትር ይሥሩ። ፖፕላር ለስላሳ እንጨት ስለሆነ በጠርዙ ላይ የተነዳ ብሎን አይጨብጥም፤ ብሎኑ ወደ ሞራሌው እንዲገባ ያድርጉ። እርጥበትም ይጠጣል፤ የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየውም ጭምር፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ መቀባት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሐሳብ አለ፦ «አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ አጽሙን በአሉሚኒየም ዘንግ ብሠራውስ?» ለመገጣጠም ይመቻል፤ ይሁን እንጂ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ ቦይ ዘንግ በሜትር ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ማያያዣዎቹም ተጨማሪ ናቸው። 20 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ የጥድ ሞራሌ በሜትር 200 ግራም ገደማ ነው፤ ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ጋር በኮላ ከተጣበቀ ለዚህ ሥራ ይበቃል። አሉሚኒየሙን የምመክረው ለአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም አልጋው ሲዘረጋ መሐሉን ለሚሸከመው አግዳሚ።

አልጋን በተመለከተ፣ በዚህ መኪና ውስጥ ቋሚ አልጋ አልመክርም። ከ1.85 እስከ 1.90 ሜትር ርዝመት ያለው ቋሚ አልጋ ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ወለል ሰው ቆሞ ሱሪ የሚቀይርበት ያህል ብቻ ነው፤ ዝናብ በዘነበበት ቀን ሦስታችሁም ቀኑን በአልጋ ላይ ትውላላችሁ። ተጣጣፊው አልጋ ቀን አግዳሚ ወንበር ነው፤ ማታ መቀመጫው ወደ ፊት ይሳባል፣ መደገፊያው ይተኛል፣ የራስጌው ሲሦ ደግሞ መኪናው ራሱ በሚሰጠው ከሞተሩ በላይ ባለ መድረክ ላይ ያርፋል። ዌስትፋሊያ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን መኪናዎች ወደ ማደሪያ ሲለውጥ የኖረ ድርጅት ነው፤ በዚህ ሞዴል ላይም መድረኩን የአልጋው አካል አድርጎታል፣ ከዚያ የተሻለ አቀማመጥ እስከ አሁን አላየሁም። ለልጅዎ በፊት ወንበሮቹ ላይ በሁለት ዘንጎች ተወጥሮ የሚዘረጋ የሸራ አልጋ ይሥሩ፤ ከጥቂት ኪሎ አይበልጥም፣ ሲጠቀለልም የጃንጥላ ያህል ቦታ ይይዛል። የሚዘረጋው መኪናው ቆሞ ሳለ ብቻ ነው፤ ልጁም ሲያድግ ሸራው አይችለውም።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። በእጅ የተሠራ የኮምፔንሳቶ አግዳሚ የጉዞ መቀመጫ አይደለም። በከባድ ግጭት ጊዜ ዕቃም ሰውም ከክብደቱ ወደ 20 እጥፍ በሚደርስ ኃይል ወደ ፊት ሊወረወር ይችላል፤ 12 ኪሎ ባትሪ የ240 ኪሎ ያህል ይገፋል ማለት ነው። ልጅዎ በጉዞ ላይ የሚቀመጥበት ወንበርና የቀበቶው መቆንጠጫ በሻንሲው ላይ የታሰረ፣ የተፈተነና በመሐንዲስ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ይህ በጽሑፍ ምክር የሚሠራ ነገር ስላልሆነ ስለ ብሎኑ ውፍረት እንኳ አልነግርዎትም። የተፈተነ የአግዳሚ ወንበር አጽም ገዝተው ቢያስገጥሙ፣ ምንም እንኳ ከእንጨቱ ብዙ ኪሎ ቢጨምር፣ ከወሰኑ ላይ ለዚያ ስጡ ብዬ የምፈቅደው ብቸኛ ጭማሪ እርሱ ነው።

ወደ ውኃውና ወደ ባትሪው ልምጣ፤ የንድፍዎ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነውና። በዚህ መኪና የፊትና የኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር ነው፤ ሞተሩም ከኋላ አክስሉ በስተኋላ የተንጠለጠለ ነው። 135 ኪሎ ውኃና ባትሪ ከአክስሉ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያስቀምጡ የኋላው አክስል የሚሸከመው 135 ኪሎ አይደለም፤ 169 ኪሎ ያህል ነው፣ ትርፉ 34 ኪሎ ከፊት አክስሉ ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው ይላላል፣ የጎን ነፋስ ያንገዋልለዋል፣ በእርጥብ መንገድም የፊት ጎማው ቀድሞ ይንሸራተታል። ጠቅላላ ክብደቱ ከተፈቀደው በታች ሆኖ ሳለ የኋላ አክስሉ ብቻውን ከወሰኑ ሊያልፍ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ሁሉ በሁለቱ አክስሎች መካከል፣ ወለሉ ላይ፣ ከተቻለም ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ወዲያውኑ ይቀመጥ። በመድረኩ ላይ የአልጋ ልብስና ስፖንጅ ብቻ ይሁኑ። የጣሪያ መደርደሪያን ጨርሶ ይተዉት።

ታንከሩም ቢሆን አያስፈልግዎትም። ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካኖች ከመታጠቢያው ሥር ቆመው በአነስተኛ የእጅ ወይም የእግር ፓምፕ ውኃ ይሰጣሉ፤ ወጥተው ይታጠባሉ፣ ባሉበት ይሞላሉ፣ ውርጭ ቢመጣም ይደፋሉ። ቋሚ ታንከር የሚታጠብበት ቀን እንደማይመጣ ብዙ ባለቤቶች በጊዜው ይደርሱበታል። የቆሻሻ ውኃውም እንዲሁ በሌላ ጀሪካን ይጠራቀም።

ባትሪን በተመለከተ፣ የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ሲጨርሱት በጥቂት ወራት ይሞታል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው የእርሳስ ባትሪ እንኳ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ ከ200 አምፒር-ሰዓት የሚጠቀሙት 100ውን ነው። አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ80 በመቶ በላይ የሆነው አቅሙም ያለ ስጋት ይሠራበታል። መብራት፣ ስልክ መሙያና አነስተኛ ባለ ኮምፕሬሰር ማቀዝቀዣ በቀን ከ40 እስከ 50 አምፒር-ሰዓት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ መኪናው ሳይነሣ ሁለት ቀን ለመቆየት ይህ ይበቃል። ሆኖም የሊቲየም ባትሪን ከአሮጌ ዲናሞ ጋር በቀጥታ ማገናኘት አይገባም፤ ባዶ በሆነ ጊዜ የሚስበው ኃይል ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። በመካከል 20 አምፒር ገደማ የሚወስን የዲሲ-ወደ-ዲሲ ቻርጀር ያስገቡ፤ ከባትሪው አዎንታዊ ምሰሶ አጠገብም ፊውዝ ያኑሩ። ይህ ዓይነት ባትሪ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ሳለ መሞላት እንደሌለበት አይርሱ።

ኩሽናው አንድ ሳጥን ይሁን እንጂ የግድግዳ ሙሉ መደዳ አይሁን። ባለ አንድ ራስ ተንቀሳቃሽ ምድጃ፣ ስስ የብረት ጎድጓዳ፣ ሁለት መደርደሪያ፤ ከዚህ ያለፈው ለጎብኚ ዓይን ነው። ምግብ የሚበስለው ውጭ ወይም ተንሸራታቹ በር ወለል ብሎ በተከፈተበት ነው። የጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ሳጥን ከመኖሪያው ክፍል የታሸገና ከታች ወደ ውጭ የተበሳ መሆን አለበት፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የሚፈሰው ወደ ወለል ነው። ምድጃውን ለማሞቂያ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በራስጌ ከፍታ ላይ ይሰቀል።

የቁምሳጥን በሮችን ነገር ብዙ ሰው አያሰላም። እያንዳንዱ በር ከማጠፊያውና ከመቆለፊያው ጋር ከአንድ ኪሎ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ስምንት በር ሲደመር ከስምንት ኪሎ ያልፋል። ከፊታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ከንፈር የተተወላቸው ክፍት መደርደሪያዎች በሸራ መጋረጃ ቢዘጉ ሥራውን ይሠራሉ። በጣሪያው ላይ የሚደረደረው የጥድ ሽንሽን ሰሌዳም ሌላው የዘመኑ ፋሽን ነው፤ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሜትር 6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በአምስት ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ኪሎ በመኪናው ከፍተኛ ቦታ ላይ ይሰቀላል። ጨርቅ የለበሰ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከሩቡ አይበልጥም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ዝገት ያለበትን ላሜራ በልባጥ መሸፈን ዕዳውን ማሳደግ ነው፤ ወለሉ፣ የበሮቹ ሥር፣ የመስኮት ጎማዎች ዙሪያ ሁሉ ተመርምሮ፣ ተበይዶና ፀረ ዝገት ተቀብቶ ይለቅ፤ ከዚያም ሁለት ከባድ ዝናብ ያሳልፍና ውስጡ ደረቅ መሆኑ ይታይ። አሮጌ የነዳጅ ቱቦዎች በሙሉ ይቀየሩ፤ የዚህ መኪና የታወቀ የእሳት መነሻ በሞተሩ ክፍል የተሰነጣጠቀ ቱቦ ነው፣ ታንከሩም ከሞተሩ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከአልጋዎ በታች ነው። ወለሉን ከመብሳትዎ በፊት ከሥር ገብተው ይመልከቱ፤ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመርና የማርሽ ዘንግ የሚያልፉት በዚያ ነው። ለሙቀት መከላከያ ውኃ የማይጠጣ ፎም በላሜራው ላይ ያለ ክፍተት ይጣበቅ፤ የበሮቹን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችና ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን የጎን ፍርግርጎች ግን በምንም መንገድ እንዳይዘጋ። ሦስት ሰው የሚያድርበት ክፍል በጠዋት መስኮቱ ላብ የሚያወርደው ፎም ስላነሰ አይደለም፤ አየር መውጫ ስለሌለው ነው።

የቤት ዕቃው የሚታሰረው በቦዲው የጎድን አጥንትና በወለሉ አግዳሚዎች ላይ ነው፤ ከውጭ በሚታየው ስስ ላሜራ ላይ የተያዘ ብሎን በመጀመሪያው ጠንካራ ፍሬን ይነቀላል። በላሜራ ላይ ተጨምቆ የሚቀር የሪቬት ዳዶ ለቀላል ነገር ይሆናል፤ ለባትሪና ለማቀዝቀዣ ግን ከሥሩ ሰፊ የብረት ሳህን ያለው ቀጥተኛ ብሎን ያስፈልጋል። አንድን ቁምሳጥን በወለልና በጣሪያ በሁለቱም ወገን አጥብቀው አይሰሩት፤ ቦዲው በጉዞ ይወላገዳል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከታች አጥብቀው፣ ከላይ በጎማ በኩል ያስይዙት። እንጨት ብረትን በሚነካበት ሁሉ የሱፍ ጨርቅ ይለጠፍ፤ ካልሆነ የሲጥሲጥታው ድምፅ መንገዱን ያስረዝመዋል።

የማነሣው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ኤምዲኤፉን ይተዉት፤ ተጣጣፊ አልጋ፣ አንድ የኩሽና ሳጥን ከተንሸራታቹ በር ፊት ለፊት፣ አንድ ቁመቱ ከመስኮት የማያልፍ መደርደሪያ ይሥሩ። በዚህ አሠራር ወለሉ 18፣ የሙቀት መከላከያው 7፣ ልባጡ 16፣ አልጋው ከነስፖንጁ 38፣ ኩሽናው 24፣ መደርደሪያው 14፣ ኤሌክትሪኩ 25 ኪሎ ይሆናል፤ በድምሩ 142። ማቀዝቀዣውን ከወደዱ ከአንዱ ላይ ይቀንሱለታል እንጂ በላዩ አይጨምሩትም። የሚነሣ ጣሪያ የመግጠም ጉዳይ ቦዲውን መቁረጥ ስለሚጠይቅ ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ የማደሪያ መኪና ተብሎ እንዲመዘገብም የሚጠየቀው ከአገር አገር ስለሚለይ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።

አሁን የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር ባዶውን መኪና ወደ ጭነት መኪና ሚዛን ወስዶ የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ ማስመዘን ነው። በዚያው ቀን የጎማዎቹን የመሸከም ቁጥርና በጎናቸው ያለውን ባለ አራት አኃዝ የምርት ቀን ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱ፣ ቀጣዮቹ ዓመቱ ናቸው። ከዚያ ንድፉን በሙሉ መጠኑ በካርቶን ሠርተው መኪናው ውስጥ ያቁሙትና ሦስታችሁም አንድ ሌሊት እደሩበት። ማታ ልጁን ለማስተኛት ማን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ በሌሊት ለመውጣት የማን እግር እንደሚረገጥ ካዩ በኋላ ካርቶኑን በቢላ ያስተካክሉ፤ ኮምፔንሳቶ የሚገዛው የመጨረሻው ካርቶን ላይ ከተስማማችሁ በኋላ ነው።